ኮምፒውተሩን አትንካው

«የእኔ ስልክ ኢንተርኔቱን ይዟል... የእርስዎ ኮምፒውተር ብቻ ነው እምቢ ያለው።»

ቴክኒሻኑ ከጠረጴዛው ስር ሆኖ ነው እንዲህ ያለው። ገመዱን ነቅሎ ሰክቷል። ራውተሩን አጥፍቶ አብርቷል... መብራቶቹ ሁሉ አረንጓዴ ናቸው። ኮምፒውተሩ ግን ወይ ፍንክች።

እናት አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጠዋል። ግራ ዓይናቸው በፋሻ ተሸፍኗል፣ ቀዶ ጥገና ከተደረጉ ወር ሊሞላቸው ነው። ቀኙም ቢሆን እንደነገሩ ነው የሚያየው።

«ሐኪሙ እንባ ከልክሎኛል» አሉት እየሳቁ። «ሽንኩርት እንኳን አትክተፊ ብሎኛል። ልጄን ባየው ግን... የደስታ እንባ አይቆጠርም አይደል?»

ወንዱ ልጃቸው ሩቅ አገር ነው የሚኖረው። በየእሁዱ በዚህ ኮምፒውተር ፊቱን ያሳያቸው ነበር። ኔትዎርኩ ከጠፋ ግን ሦስት ሳምንት ሆነው።

«በስልክስ አይደውልም?»

«ሥራ በዝቶበት ነው ትላለች እህቱ። እኔ ስሞክርም አይነሳም...»

«እሷ አብራዎት ነው የምትኖረው? ታዲያ ለምን አላሠራችውም?»

እናት ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

«ነገ አሠራዋለሁ፣ ነገ አሠራዋለሁ ትለኛለች። ደግሜ ስጠይቃት ሻወር ቤት ትገባና ውሃውን ትከፍተዋለች... እንዳትሰማኝ። ሰልችቻት ይሆናል። ታማሚ መቼም ይሰለቻል።»

ቴክኒሻኑ ጥርሱን ነከሰ።

ራውተሩ ውስጥ ገብቶ ሴቲንጉን መበርበር ጀመረ... አገኘው።

ገመድ አልተበጠሰም። ቫይረስም የለም። አንድ ሰው ሆን ብሎ ይሄን ኮምፒውተር ብቻ ኢንተርኔት እንዳያገኝ ብሎክ አድርጎታል።

«እማማ፣ ይሄን ዕቃ ማን ነው የሚነካካው?»

«እኔማ መች አውቅበት... ልጄ ናት።»

ቁጥሯን ተቀብሎ ደወለላት። እጁ ስለተያዘ ስፒከር ላይ አደረገው።

«ሄሎ፣ እናትሽ ጋ ኮምፒውተር ልሠራ የመጣሁ ነኝ። ብሎክ ያደረግሽው አንቺ ነሽ?»

ዝም...

«እናቴ አጠገብህ ናት?»

«አዎ። ስፒከር ላይ ነሽ፣ እየሰሙሽ ነው።»

ትንፋሿ ብቻ ይሰማል።

«በቃ አትንካው። እንዳለ ተወውና ሂድልኝ።»

«እንዴት ሆኖ? እናት ልጇን ልታይ እኮ ነው።»

«ኮምፒውተሩን አትንካው አልኩህ። እየመጣሁ ነው።»

ስልኩን ዘጋችበት።

እናት የልብሳቸውን ጫፍ ያጣጥፉ፣ መልሰው ይዘረጉ ጀመር።

«ምን በድያት ይሆን?» አሉ።

ይቺ ቃል ናት ቴክኒሻኑን ያበገነችው። እናትና ልጅ መሃል የገባች ክፉ፣ አለ በሆዱ። እኛም ብንሆን እንደዚያ ነው የምንለው፣ አንዋሽ።

«አይዘኑ እማማ፣ እኔ አለሁ» አለና ብሎኩን አነሳው። አንዲት ክሊክ ናት።

ጢን... ጢን ጢን... ጢን...

መልእክቱ ተከታትሎ ገባ። የእናት ፊት በራ።

«እሱ ነው አይደል? በል አንብብልኝ፣ እኔ ፊደሉን አልለየውም።»

ቴክኒሻኑ እየሳቀ ወደ ስክሪኑ ዞረ። የመጀመሪያው መልእክት ከልጁ የሥራ ባልደረባ ነው።

«እግዚአብሔር ያጽናዎት። ልጅዎ ለሁላችንም ወንድም ነበር...»

ሁለተኛውም ነፍስ ይማር ነው የሚለው። ከሱ በታች ያለውም እንደዚያው።

ሳቁ ፊቱ ላይ ደረቀ።

«ምን ይላል?»

አሁን ገባው... እናቷ እየሰሙ ልጅቷ ምን ልትለው ትችል ነበር?

«እ... ‹እማዬ ደህና ነኝ፣ ሥራ በዝቶብኝ ነው፣ አታስቢ› ይላል።»

ቅድም በልቡ የፈረደባት ሰውዬ... ራሱም ዋሸ።

እናት ወደ ድምፁ ዞር አሉ።

«እማዬ ነው ያለኝ?»

«አዎ... እማዬ።»

«የኔ ልጅ አፉን ከፈታ ጀምሮ እቴቴ ነው የሚለኝ። እማዬ ብሎኝ አያውቅም።»

ቴክኒሻኑ አንገቱን ደፋ።

«እውነቱን ንገረኝ ልጄ... ሦስት ሳምንት ድምፁ ጠፍቶ፣ አንተም ስትዋሸኝ... መልእክቶቹ ነፍስ ይማር ነው የሚሉት?»

አዎም አይደለምም አላለም። እሳቸውም ሁለተኛ አልጠየቁትም።

ለልጅቷ ሊደውል ስልኩን ሲያነሳ እጁን ያዙት።

«ተው፣ አትደውልላት። መንገድ ላይ ናት፣ ትደነግጥብኛለች... ለካ ውሃውን የምትከፍተው ልታለቅስ ኖሯል። ይሄን ሁሉ ቀን ብቻዋን... እኔ ደግሞ ሰለቸኋት ብዬ ለሰው አማኋት።»

ያኔ ነው ከፋሻው ስር እንባው የወረደው... ሐኪም የከለከለው እንባ።

ልጅቷ እያለከለከች ስትገባ ስክሪኑን አየችው። አልጮኸችም። አልሰደበችውም። ሄዳ እናቷ እግር ስር ተደፋች።

ቴክኒሻኑ ዕቃውን ሰብስቦ ሊወጣ ሲል ቀና ሳትል እንዲህ አለችው፦

«ቅዳሜ ፋሻው ሊፈታላት ነበር። አጎቴም ሊመጣ ነበር... አቅፈናት ልንነግራት ነበር።»

ቴክኒሻኑ በሩን ቀስ አድርጎ ዘግቶ ወጣ።

...

ወገኖቼ፣ የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል። አንዳንዱ ነገር ግን አንዴ ከፈሰሰ አይለቀምም።

ይሄ ቴክኒሻን ክፉ ሰው አይደለም። አዝኖ ነው፣ ለእናት ብሎ ነው። የሰው ጓዳ ገብተን ግማሹን ሰምተን ስንፈርድ ግን ቅንነታችን ራሱ ሰው ይጎዳል። ጨካኝ የመሰለን ሰው እኛ የማንችለውን ሸክም ብቻውን ተሸክሞ ይሆናል።

እኔ ልጅቷንም ሙሉ በሙሉ ነጻ አላወጣትም። እናት ናቸው እኮ... ልጃቸው ሞቶ እሳቸው እሁድን እየጠበቁ መኖራቸው ያንገበግበኛል። ደግሞ ዓይናቸውን ሳስብ ዝም እላለሁ።

እስቲ እናንተ ፍረዱ... በልጅቷ ቦታ ብትሆኑ ዓይናቸው እስኪድን ትደብቋቸው ነበር ወይስ የዚያኑ ቀን ትነግሯቸው ነበር? ኮመንት ላይ የምትሉትን አንድ በአንድ አነበዋለሁ።