የተፈቀዱ ግጥሞች

የአምስት ዓመቷ ማርዳ ጆሮዋ ውስጥ የድምፅ ማጣሪያ ከተተከለላት ሦስተኛ ቀኗ ነው። በአዲሱ ሕግ መሠረት ልጆች ከግጥም የሚሰሙት የተፈቀዱትን ብቻ ነው። እናቷ ስንዱ እንዲተከልላት ፈርማለች፤ ባትፈርም ትምህርት ቤቱ ልጅቷን አይመዘግብም ነበር።

ከሰዓት በኋላ ዝናብ ጣለ። ስንዱ የልጇን ፀጉር እየጎነጎነች፣ ሟች አባቷ በልጅነቷ የገጠሙላትን ግጥም አለችላት፦

«ዝናቧ ዝናቧ ቀስ ብለሽ ውረጂ፣
ልጄ እንዳትነቃ በጓሮ በር ሂጂ።»

ማርዳ ዞር ብላ አየቻት። «እማዬ፣ ለምንድነው አፍሽን ዝም ብለሽ የምታንቀሳቅሺው?»

ስንዱ ጮክ ብላ ደገመችው።

«ምንም አይሰማም።»

«የአያትሽ ግጥም እኮ ነው! ባለፈው ሳምንት አብረሽኝ ስትዪው አልነበር? እስቲ በይው።»

ማርዳ አለችው፤ አንድም ቃል አልሳተችም። የገዛ ድምፅዋ ግን ለራሷ አልተሰማትም። ደንግጣ ጆሮዋን በሁለት እጇ ያዘችና ማልቀስ ጀመረች።

«ጠፋሁ እማዬ! ድምፄ ጠፋ!»

ስንዱ እቅፍ አድርጋ አባበለቻት። «አልጠፋሽም የኔ ቆንጆ። የትምህርት ቤቱን በይልኝ።»

ማርዳ እንባዋን ጠርጋ ስለ እጅ መታጠብ የተማረችውን ግጥም ጀመረች። ድምፅዋ ሲሰማት ፊቷ በራ።

ስንዱ አጨበጨበችላት። የአባቷን ግጥም ከዚያ ወዲያ አልደገመችውም።