የቆሰለው ሽቦ

ኤሌክትሪሺያኑ ከመኪናዋ ጋር ከፋብሪካ የመጣውን ቴፕ ከዳሽቦርዱ ስቦ አወጣና ከት ብሎ ሳቀ። በእንዲህ ያለ ቴፕ ላይ የስልክ ዘፈን የሚያሰማ መሰኪያ መቀጠል የሚችል ሰው፣ በከተማው ከእሱ በቀር አለ ብሎ አያምንም። ይሄኛውን የቀጠለውን ሰው ደግሞ ጭራሽ ከሰው አልቆጠረውም። ሽቦው በናስትሮ ፋንታ የተጠቀለለው በቁስል ፕላስተር ነበር።

«ኑ እስቲ፣ ጉድ እዩ!» ብሎ የጋራዡን ሰው ሁሉ ጠራ። «ሽቦ ቆስሎ ታሽጎላችኋል! ሲስተር፣ ይሄን የሠራልዎት ሰው ኤሌክትሪክ መኖሩን የሚያውቀው መብራት ሲጠፋ ነው።»

የመኪናዋ ባለቤት ነጭ ጋውኗን እንደለበሰች ከጤና ጣቢያ የመጣች ነርስ ናት።

«ይተዉት ጋሼ» አለች ቀስ ብላ። «ዘፈኑ እየተቆራረጠ ስላስቸገረኝ ነው፤ እሱን ብቻ ያስተካክሉልኝ።»

«እንዴት ብዬ ልተወው? ሙያችንን ያዋረደው እንዲህ ያለው ጥራዝ ነጠቅ አይደል?»

«ቢሆንም አይራገሙ።»

«እረግማለሁ እንጂ! እጁን ቁርጥማት ይብላው! ዘር ማንዘሩ ሽቦ አይንካ!»

«አሜን!» አሉ ከበው የቆሙት፣ እየሳቁ።

ነርሷ ደንግጣ አማተበች።

«ኧረ በስመአብ በሉ! ጋሼ፣ አምናም እኮ ከእርስዎ በፊት የነካካውን እንዲሁ እየረገሙ ሲሠሩልኝ ናስትሮ ቢያልቅብዎት፣ ይሄን ፕላስተር ከቦርሳዬ አውጥቼ የሰጠሁዎት እኔ ነኝ።»