ከባዱ መቅዘፊያ

አዲሱ ጠላቂ ይሻው እንደ ዓሣ ክንፍ የተዘረጋውን ረጅም የእግር መቅዘፊያ አጠለቀና መልሶ አወለቀው።

«ምነው? ዛሬም ቂጥህን ልታሳየን ነው?» ሲል ጎረቤቱ ማሩ ከግድቡ ዳር ጮኸ። የተሰበሰበው ገበሬ ሁሉ ሳቀ።

የይሻው ጆሮ ጋለ። ትናንት በዚያው መቅዘፊያ ጠልቆ፣ ውሃ በማያስገባው ልብሱ ውስጥ ያለው አየር ወደ እግሩ ሸሽቶ ዘቅዝቆት ነበር። እግሩን ወደ ሰማይ ሰቅሎ ሲንፈራገጥ በገመድ ጎትተው አወጡት። የውሃ መልቀቂያውን በር የዘጋው ግንድ ግን አሁንም እታች ነው። ድንቹ ውሃ ካጣ ስምንት ቀን ሆነው፤ የእናቱ መደብ ቅጠሉ መጠቅለል ጀምሯል።

«ፍጠን እንጂ!» አለ የጠላቂዎቹ አለቃ ዳኛቸው። «ዛሬ ካልሆነ ወደ ባሕር ዳር እንሄዳለን። ከሁለት ሳምንት በፊት አንመጣም።»

ከቦዩ ማዶ አያ ፈንታሁን በቅሏቸውን ይጭናሉ። ከባዱን የገብስ ስልቻ ዝቅ አድርገው በግራና በቀኝ አሰሩ፤ ጭዱን ከላይ ጣል አደረጉበት። ይሻው ዓይኑን መንቀል አቃተው። እሱ ግን አንድ ጊዜ ከባዱን ከላይ ጭኖ፣ በቅሎዋ የጉና ዳገት ላይ ተገልብጣበታለች።

በጠላቂዎቹ የዕቃ ሣጥን ውስጥ፣ ከሥር፣ አጭር፣ ሰፊ፣ እንደ መኪና ጎማ የወፈረ ጥቁር መቅዘፊያ አለ።

«ጋሼ» አለ፤ ድምፁን ራሱም አልሰማውም። ጉሮሮውን ጠረገ። «ጋሼ፣ ጥቁሩን ላድርግ።»

«የጎማውን? እሱ እኮ ድንጋይ ነው፤ ያሰምጥሃል!»

«የሚያሰምጠው እግሬን ነው። እኔም የምፈልገው እሱን ነው።»

ዳኛቸው መቅዘፊያውን አንሥቶ ሰጠው። በሁለት የሱፍ ካልሲ ያበጠው ጫማው ሰፊው አፍ ውስጥ ዘው አለ።

እታች ጨለማና ብርድ ነው። እግሩ ግን አልከዳውም። አንድ ጊዜ ሲቀዝፍ ውሃው እሺ ብሎ አሳለፈው። ግንዱን በገመድ አሰረ፤ ፈቀቅ ብሎ «ጎትቱ» ለማለት ገመዱን ሦስት ጊዜ ሳበ። ከላይ ሃያ ሰው ባንድ ትንፋሽ ጎተተ፤ ግንዱ ከበሩ ተላቀቀ።

መጀመሪያ ከውሃው የወጣው የይሻው ጭንቅላት ነበር።

«በሩን አንተው ክፈተው» አለ ዳኛቸው። ይሻው መቅዘፊያውን ሳያወልቅ፣ ጧ ጧ እያደረገ ኋሊት ተራመደና የበሩን መዘውር አዞረ። ውሃው እያጓራ ቦዩን ሞላው። እናቱ ዝናሽ መቆፈሪያዋን ይዛ፣ ነጠላዋ ከትከሻዋ ወድቆ፣ መደቧን ልትከፍትለት ከውሃው ፊት ፊት ትሮጣለች።

ይሻው ሣሩ ላይ ዘፍ አለ። ማሩ መጥቶ ተንበረከከ፤ የመቅዘፊያውን ማሰሪያ ፈታለትና ከባዱን መቅዘፊያ በሁለት እጁ አቅፎ አነሣው።