«የለም»

የመሥሪያ ቤቱን፣ አርፒጂ በተባለ የኮምፒውተር ቋንቋ የተጻፈ ሥርዓት ያቆሙት ሁለቱ ቀደምት ባለሙያዎች፣ ባለመነጽሩና ባለከዘራው፣ ምን እንደሚቀበልና ምን እንደሚመልስ ፕሮቶታይፕ በሚባል መግለጫ አስቀድሞ ሳይገለጽ ማንም ፕሮግራም እንዳይጠራ ደንግገው አልፈዋል። ከባለከዘራው እጅ የቀረው አንድ ትንሽ ፕሮግራም ነበር፤ የሠራተኛ ቁጥር ተቀብሎ «አለ» ወይም «የለም» ብሎ ይመልሳል። ደቀ መዝሙራቸው የነበሩት ሽማግሌ፣ የእህታቸውን ልጅ ሥራ ሲያስገቡት ይህን እንዳይነካ ቃል አስገብተውት ነበር።

ዛሬ ረፋድ ላይ ፕሮግራሙን ቢፈልጉት የለም።

«አጠፋኸው?»

«አዎ ጋሼ» አለ ወጣቱ፣ ከጀርባቸው ካለው ወንበር። «የሞተ ሰው ሥራ እስከ መቼ እናስታምማለን?»

«ባጎረስኩ እጄን ተነከስኩ» አሉ ሽማግሌው ቀስ ብለው።

ጥሪው ሲከሽፍ ወጣቱ በዓይኑ እንዲያይ፣ የጥንቱን ፕሮቶታይፕ ጽፈው የጠፋውን ፕሮግራም በራሳቸው ቁጥር ጠሩት።

ፕሮግራሙ «አለ» ሲል መለሰ።

ወጣቱ ሳቀ። «ቅጂ ተርፎ ይሆናል። እስቲ የኔንም ይሞክሩት።»

ቁጥሩን አስገቡ።

«የለም።»

«እዚሁ ተቀምጬ?»

ደግመው ጠሩት። «የለም።»

ሽማግሌው ዞር አሉ። ወንበሩ ባዶ ነበር።

«ተሳስቻለሁ፣ ጋሼ» አለ ድምፁ፣ ከዚያው ከወንበሩ።