የአራተኛ ፎቅ ወንበር

ዜማ ስለ ባሕር ዳር ሕንፃዎች ለምትሠራው ፊልም ከእናቷ ጋር አራተኛ ፎቅ ላይ የሚኖሩበትን ኮንዶሚኒየም ከመንገዱ ማዶ ሆና ስትቀርጽ ዋለች። ሲመሻሽ የቀረጸችውን ለእናቷ ለየሺመቤት አሳየቻቸው።

ፊልሙ ላይ በክፍቱ ደረጃ አንድ ሽማግሌ የዓሣ ዘንቢል ይዘው ይወጣሉ። ሁለተኛው ፎቅ ላይ ብረቱን ተደግፈው ቆሙ፤ ሦስተኛው ላይም ቆሙ። ዜማ ጠጋ ብላ አየች፤ አቋቋማቸው የአባቷ ነው። አባቷ ጥር ላይ ልባቸው ቀጥ ያለው እዚያው ደረጃ ላይ ነበር።

«ዛሬም ይደክመዋል እንዴ?» አሉ እናቷ ዕንባቸው እየወረደ። «ተዝካሩን ካወጣን ያርፋል ብዬ ነበር።»

ፊልሙ ሦስተኛው ፎቅ ላይ አለቀ። እናቷ ተነሥተው እንደ ድሮው አንድ ወንበር በሩ አጠገብ አስጠጉ።

«ምን እያደረግሽ ነው፣ እማዬ?»

«ሲገባ አረፍ ይበልበት።»

ከበሩ ውጭ አንድ የደከመው ሰው ዘንቢሉን አስቀምጦ በረጅሙ ተነፈሰ።