ፊት ያሳያል

ጋዲሴ በርጩማ ላይ ቆማ የወጥ ቤቱን ካቢኔት በድስት ሽቦ ትፈትጋለች። ሽቦ እንዳታስነካው ጎረቤቷ ሰርክአዲስ ከአጥሩ ማዶ ሆና ነግራት ነበር። «ለብ ያለ ውሃ፣ ፈሳሽ ሳሙና፣ ለስላሳ ጨርቅ። የእንጨቱን መስመር ተከትለሽ፣ ቶሎ ቶሎ እያደረቅሽ» ብላታለች። ምክሩ ጥሩ ነው፤ ጊዜ ላለው ሰው።

ስልኳ ይጮሃል። ባሏ ፊራኦል ነው።

«ጋዲ፣ ፋሻው ተነሳላት! እማዬ ታያለች! የዶክተሩን ከረባት ቀለም ነገረችው እኮ።»

«ጌታ ይመስገን!» ትላለች ጋዲሴ፤ ከልቧ ነው። ወዲያው ግን «የት ደረሳችሁ?» ትላለች።

«ጉርድ ሾላ። ከሁሉ በፊት ወጥ ቤት ነው የምገባው እያለች ነው። የአባዬን ሥራ ልይ ነው የምትለው።»

ጋዲሴ በርጩማው ላይ ቁጭ ትላለች።

ካቢኔቱን የሠሩት የፊራኦል አባት ከበበ ናቸው። ዋንዛውን ራሳቸው መርጠው፣ ራሳቸው ቆርጠው፣ ቫርኒሹን ራሳቸው ቀብተው ነው የሞቱት። ጋዲሴ ሙሽራ ሆና ፈረንሳይ ለጋሲዮን እዚህ ቤት ስትገባ የአማቷ የሙሉጌጥ ዓይን ሞራ ለብሶ ነበር፤ ሰው የሚለዩት በጥላውና በድምፁ ነው። ቅዳሜ በመጣ ቁጥር ታዲያ «የከበበን ካቢኔት ወለወልሽው?» ይሏታል። እሷም ሳምንቱን ሙሉ ቢሮ ውላ፣ ታክሲ ተጋፍታ፣ ሽንኩርት አቁላልታ ደክሟት «አዎ እማዬ፣ ፊት ያሳያል!» ትላለች።

ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል ይባላል። የሷ ግን ከዘይቱ ጋር እየተጋገረ ሄደ። ከምድጃው በላይ ያሉት በሮች ጠቁረዋል፤ አቧራ ጠጥተው ጣት ላይ ይጣበቃሉ። ማን ያይብኛል ብላ ነበር። በቤቱ ውስጥ የሚያይ ሰው ፊራኦል ብቻ ነው፤ እሱ ደግሞ ከሳህኑ ሌላ ምንም አያይም።

ትነሳለች። ቧንቧው ከትናንት ጀምሮ ደርቋል፤ ከጀሪካን ትቀዳለች፣ ሳሙናውን ትደፋበታለች፣ ትፈትጋለች። ቡናማ ውሃ ክንዷን ይዞ ወደ ብብቷ ይወርዳል። ቅባቱ ከአንዱ በር ሲለቅ ሌላው ላይ ይለጠፋል። ለአማቷ ብርሃን የሰጠውን ጌታ እያመሰገነች፣ በዚያው አፏ መገናኛ ላይ መንገዱን እንዲዘጋላት ትለምናለች። እንዲህ ያለ ጸሎት ጮክ ተብሎ አይጸለይም።

ሽቦው ሲጢጥ ይላል። እጇን ስታነሳ መካከለኛው በር ላይ ረጅም ነጭ ጭረት ታያለች። ቫርኒሹ ከቅባቱ ጋር ተነስቷል። በጣቷ ታሸዋለች፣ በምራቋ ታሸዋለች፣ በቀሚሷ ጫፍ ታሸዋለች። ፈራች። እስካሁን ቆሻሻ ብቻ ነበር፤ አሁን የሞተ ሰው ሥራ አበላሽታለች።

ውጭ መኪና ይቆማል። መገናኛ ዛሬ ክፍት ነበር።

«እማዬ ቀስ በይ፣ ደረጃ አለ» ይላል ፊራኦል።

«አይቼዋለሁ፣ ልቀቀኝ!» ይላሉ ሙሉጌጥ።

ጥቁር መነጽር አድርገው ይገባሉ። ወጥ ቤቱ በር ላይ ቆመው መነጽሩን ያወልቃሉ። ግማሹ በር ነጥቷል፣ ግማሹ እንደ ጠቆረ ነው፣ መሐል ላይ ጭረቱ ተጋድሟል። በሮቹን አንድ በአንድ ያያሉ። ፊራኦል እናቱንና ሚስቱን አፈራርቆ ያይና መድኃኒቱን ከመኪናው ላምጣ ብሎ ይወጣል።

«እማዬ፣ ይቅር ይበሉኝ» ትላለች ጋዲሴ፤ እንባዋ ቀድሟታል። «ዋሽቼዎታለሁ። አንድም ቅዳሜ አልወለወልኩትም። ዛሬ ደግሞ ጫርኩት።»

ሙሉጌጥ ዓይናቸውን ይጨፍናሉ። እጃቸውን ዘርግተው እንደ ወትሮው በሮቹን በጣታቸው ይዳብሳሉ። አንዱን ያልፋሉ፣ ይመለሳሉ፣ ግራ ይገባቸዋል።

«ጨው የታለ?»

«እዚሁ ነው እማዬ፣ ሁለተኛው በር።»

«የጨው በር እጄ ላይ የሚጣበቀው ነበር። የበርበሬው ደግሞ ከሱ ይብሳል። በምን የምለየው መስሎሽ ነበር?»

«ያውቁ ነበር?»

«የታመመው ዓይኔ ነው እንጂ እጄ መሰለሽ እንዴ?»

«ታዲያ ቅዳሜ ቅዳሜ ለምን ይጠይቁኝ ነበር?»

«ድምፅሽን ልሰማ ነዋ። ቀኑን ሙሉ ብቻዬን እውላለሁ። አንቺ ደክሞሽ ትገቢያለሽ፣ ቃል አይወጣሽም። ስትዋሺ ግን ድምፅሽ ሞቅ ይላል። ደስ ይለኝ ነበር።»

አውራ ጣታቸው ጭረቱ ላይ ይደርሳል። ከጫፍ እስከ ጫፍ ቀስ ብለው ይከተሉታል። «ይሄን ፊራኦል ያስቀባዋል» ይላሉ።

ከዚያ ዓይናቸውን ይከፍታሉ።

«ፊት ያሳያል ስትዪኝ ከርመሻል» ይላሉ። የጋዲሴን አገጭ ይዘው ወደ መስኮቱ ያዞሯታል። ግንባሯ ቅባት ነክቶታል፣ ጉንጯ ላይ የሳሙና አረፋ አለ፣ ሻሿ ጆሮዋ ላይ ወርዷል። ልትጠርገው እጇን ስታነሳ ሙሉጌጥ ይይዙባታል።

«ተይው፣ ኢንተላ ኮ» ይላሉ፤ ልጄ ማለታቸው ነው። «መጀመሪያ ልይሽ።»