የጋሼ ጓንት አሻራ

«አራት ብሎን ብቻ ነው የቀረኝ፤ አትጨቅጭቀኝ!» እላለሁ፣ ካሜራውን ሊጭን ከበሩ ውጭ ለቆመው ሰውዬ።

«እህቴ፣ ሾፌሩ ሞተር አስነስቷል። ሮኬቷ እኛን አትጠብቅም።»

እውነቱን ነው። ካሜራው ዛሬ ካልተጫነ ሮኬቷ ያለ እሱ ትወጣለች። ክዳኑን ከመዝጋቴ በፊት እንደ ልማዳችን ትንሿን አምፖል በሌንሱ ጎን አበራለሁ። ፊት ለፊት ሲያዩት ንጹሕ የሚመስል መስታወት፣ በጎን ሲያበሩበት ጉዱ ይወጣል።

ወጣም። የአውራ ጣት አሻራ፤ መሀሉ ላይ ጠባሳ ያለበት።

ወይ ጉድ! ይህን ጠባሳ አውቀዋለሁ። የ‹ጋሼ ጓንት› ጣት ነው።

‹ጓንት› የሚለውን ቅጽል ስም ያወጣሁለት እኔ ነኝ። በምድር ዋልታ ሰማይ ላይ ሌሊት የሚታየውን አረንጓዴ ብርሃን የሚያነሳ ካሜራ አሥራ አንድ ዓመት አብረን ሠርተናል። በዚህ በር የገባ ሁሉ፣ አለቃም ይሁን ጽዳት ሠራተኛ፣ ጋሼ ሰላምታ እንኳ ሳይሰጠው «ጓንት!» ብሎ ይጮኽበት ነበር። እኔን አንዴ ሌንስ በባዶ እጄ ይዤ ቢያገኘኝ ሳምንት ሙሉ አኮረፈኝ።

ታዲያ አንተን ምን ነካህ፣ ጋሼ? ከሆስፒታል ጠፍተህ የመጣህ ቀን ነው፤ ሌላ ቀን ሊሆን አይችልም። ሻይ ላመጣልህ ወጥቼ ስመለስ ሌንሱን ራስህ ገጥመኸው፣ ላብህ በግንባርህ እየወረደ፣ «ጨረስኩልሽ» አልከኝ። ጓንትህ ጠረጴዛው ላይ ነበር። እኔ ቂሏ ልብ አላልኩም። በሳምንቱ ቀበርንህ።

እንዳለ ብተወውስ? ካፖርትህን ልጆችህ ወሰዱት፤ ወንበርህን ሌላ ክፍል ወሰደው። ለእኔ የቀረኝ ይኸው ነው። ሮኬቷ ወጥታ፣ ሥዕል ወደ ምድር እየላከች አሥር ደቂቃ እንኳ ሳትቆይ ባሕር ውስጥ ትወድቃለች፤ እስከዚያ ግን ጣትህ እዚያ አረንጓዴ ብርሃን መሀል ይሆናል። ማን ያውቅብናል?

ሥዕሉ ያውቃል። ብርሃኑ ደካማ ነው፤ የጣት ቅባት ካገኘው ይበተንና ሁሉም ነገር ጭጋግ ይሆናል። ሦስት ጊዜ አስወነጨፍን፣ ሦስት ጊዜም ጥቁር ሥዕል መጣልን። አንዲት እንኳ ጥርት ያለች ሳታይ ሄድክ።

«ኧረ በፈጠረሽ፣ እህቴ!»

«መጣሁ አልኩህ እኮ!» እንባዬ ይቀድመኛል። ሌንሱ ላይ እንዳይንጠባጠብ ፊቴን አዞራለሁ።

መጥረጊያውን ወረቀት በአልኮል አርሼ፣ አንተ እንዳስተማርከኝ ከመሀል ወደ ዳር፣ ቀስ ብዬ እጠርጋለሁ። አምፖሉን መልሼ ሳበራ ምንም የለም። አራቱን ብሎን አጠብቃለሁ።

በሩን ስከፍት ሰውዬው ተንደርድሮ እጁን ይዘረጋል።

«ጓንት!»

ሰውዬው ክው ይላል። እኔም በገዛ ጩኸቴ እደነግጣለሁ። «አንቺም እንደ እሱ ሆንሽ?» ይላል፣ እያጉረመረመ ጓንቱን ሲያጠልቅ። ከዚያ ካሜራውን እንደ ሕፃን አቅፎ ይወጣል። የመኪናው ድምፅ ይርቃል።

አንዴ የጠረገ ወረቀት ወደ ቆሻሻ ነው፤ ደንቡን ያወጣኸው አንተ ነህ። ወረቀቱን አምፖሉ ላይ ዘርግቼ አገላብጬ አየዋለሁ። ምንም አይታይበትም። ጓንቴን አወልቄ፣ ወረቀቱን አጥፌ ኪሴ እከተዋለሁ።